ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ሆነች፤ ነቅዬ ልጣላት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ሐምራዊ ቡገንቪሊያ ገዛሁ። ስገዛት በአበባ ተሸፍና ነበር። ከአጥሩ ሥር ተከልኳት። አሁን አጥሩን አልፋ ሄዳለች። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እሾኋማ አይጣል ነው። አበባ ግን የለም። ባለፈው ጥር ጥቂት አየሁ፤ እሱም አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። በየማታው በጎማ አጠጣታለሁ። በየዓመቱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የከብት ፍግ አደርግላታለሁ። ታህሳስ ላይ ደግሞ ጫፎቿ ጠቁረው ረገፉ። አፈራችን ጥቁር ነው። አጥሩ፣ ፀሐይ ስትወጣ ፊቴን ወደ እሷ ባዞር፣ በቀኝ እጄ በኩል ነው። ባለቤቴ ነቅለን ሌላ እንትከል ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትንቀያት። ለባለቤትሽም እንዲሁ ንገሪልኝ። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አውጥታ አጥር የተሻገረች ቡገንቪሊያ አልታመመችም፤ ጠግባለች። ችግሩም ያለው እዚያው ጥጋቡ ላይ ነው። ያቺን የቀኝ እጅ ነገር ስለጻፍሽልኝ ደግሞ በጣም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አጥሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳይነግረኝ መልስ ይጠብቃል።

ከእሾሁ ልጀምር። አንቺ "አይጣል ነው" ብለሽ አልፈሽዋል፤ ለእኔ ግን ዋናውን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ ያዢና ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ብብቱን ማለቴ ነው፣ ቀረብ ብለሽ እዪው። እሾሁ የሚወጣው ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ ጎረቤት ዘንድ ካበበው ላይ፣ ደርቆም ቢሆን፣ አንድ ዘለላ አስቆርጪና አወዳድሪው። አበባውም የወጣው ከዚያው ከብብት ነው። ቡገንቪሊያ ላይ የእሾህና የአበባ መነሻ አንድ ነው። በብብቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ እንቡጥ ከተመቻት የአበባ ዘለላ ትሆናለች። ካልተመቻት ትጠነክራለች፣ ትሾላለች፣ እሾህ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ የአንቺ ተክል እንቡጥ አላነሳትም። እንቡጡ ሞልቷል፤ ወደ አበባ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋው።

ዘለላውን ከያዝሽ አይቀር አንድ ነገር ላሳይሽ። ያ ሐምራዊው ነገር አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ቅጠሎች ገጥመው ቆመዋል። በመሃላቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ጫፋቸው ሲከፈት ነጣ ያለ ትንሽ ኮከብ ይመስላል። እያንዳንዱ ቱቦ በአንዱ ቅጠል መሃል ጅማት ላይ ተጣብቋል። እውነተኛው አበባ እሱ ነው። ሐምራዊው ቅጠል በመሆኑ ነው ሌላው አበባ በቀናት ሲረግፍ ቡገንቪሊያ ለሳምንታት ቀለሟን ይዛ የምትቆየው።

አሁን ወደ ቀኝ እጅሽ እንመለስ። ፊትሽን ወደ ምሥራቅ ካዞርሽ ቀኝሽ ደቡብ ነው። አጥሩ በደቡብ በኩል ከሆነ ተክሏ የቆመችው ከአጥሩ በስተሰሜን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናቸው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ታህሳስ ላይ 3 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በቀትር 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ጠዋትና ወደ ማታ ጥላው ከዚያም ይረዝማል። ከአጥር ሥር የቆመ ተክል ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጥላ አይወጣም።

ነገሩን ገጣጥሚው። ተክልሽ ቀጥተኛ ፀሐይ ሊደርሳት የሚችለው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ በምትደምቅበት በበጋው እሷ ጥላ ውስጥ ናት። ቡገንቪሊያ በደንብ እንድታብብ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋታል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ማለት ነው። ጥር ላይ አጥሩን ተሻግራ ጎረቤት ግቢ ያበበችው ለዚህ ነው። ፀሐይዋ ያለችው እዚያ ነው። ተክሏ ራሷ መልሱን ነግራሻለች።

መፍትሔው መንቀል አይደለም። የቡገንቪሊያ ሥር ስስ ነው፤ ሲቆፈር በቀላሉ ይበጣጠሳል። ሦስት ዓመት የቆየችን ተክል ከመሬት አውጥቶ ሌላ ቦታ ማቆም ብዙ ጊዜ ገድሎ ማረፍ ነው። ሥሯ ጥላ ውስጥ ቢሆን አይጎዳትም። ፀሐይ የሚያስፈልገው ላይኛው አካሏ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ አውጫት፤ አጥሩ አናት ላይ ስትደርስ ግን ወደ ጎን አጋድሚያት። በአጥሩ አናት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠንካራ ሽቦ አስወጥሪና ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች በሽቦው ላይ አስተኝተሽ እሰሪ። ቡገንቪሊያ እንደ ሐረግ ራሷን አትጠመጥምም፤ በእሾኋ ነው ተንጠልጥላ የምትወጣው። ካላሰርሻት የነፋስ መጫወቻ ትሆናለች። ማሰሪያው የአሮጌ ጨርቅ ቅዳጅ ወይም የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይሁን፤ ሽቦ ግንዷን ይቆርጣል። ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ ጉልበቱን ሁሉ ጫፉ ይወስደዋል። ሲጋደም ግን በየብብቱ የተኙት እንቡጦች ይነቃሉ። ይህን አንድ ሥራ ብቻ ብትሠሪ እንኳ ለውጥ ታያለሽ።

ውሃው ላይ ግን ልቆጣሽ ነው። በየማታው ማጠጣት ይቁም። ዛሬውኑ ይቁም። ይህቺ ተክል የመጣችው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከብራዚል፣ ከፔሩ፣ ከቦሊቪያ፣ ከሰሜን አርጀንቲና። ኮሜርሶን የሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1767 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አግኝቷት የጉዞውን መሪ የቡገንቪልን ስም ሰጣት። ዣን ባሬ የምትባል ረዳቱም አብራው ነበረች፤ ሴት በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከብ መሳፈር በማይፈቀድበት ዘመን የወንድ ልብስ ለብሳ ዓለምን የዞረች ሴት ናት። ይህቺን ተክል ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። ለአንቺ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የአገሯ ጠባይ ነው። ቡገንቪሊያ ዝናብ የሚመጣበትና የሚሄድበት ወራት የተለያየበት አገር ልጅ ናት። ሲዘንብ ቅጠል ታወጣለች፣ ትረዝማለች። ዝናቡ ሲቆምና ሲጠማት ታብባለች። አንቺ በየማታው ስታጠጫት ዓመቱን ሙሉ ክረምት ነው የሚመስላት። በክረምት ደግሞ ሥራዋ ቅጠል ማውጣት ነው።

መሬት ላይ ተተክላ ሦስት ዓመት ለሞላት ቡገንቪሊያ፣ በተለይ በጥቁር አፈር ላይ፣ በበጋ በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃታል። ስታጠጪ ግን ጠለቅ አድርገሽ አጠጪ፤ በየማታው ትንሽ ትንሽ ከሚረጭ በወር አንድና ሁለት ጊዜ በደንብ የራሰ ይሻላል። በክረምት ምንም አትስጫት። ከተጠራጠርሽ ቀጭን እንጨት አንድ ስንዝር ያህል ወደ አፈሩ አስገቢና አውጪው። ጭቃ ይዞ ከወጣ ሂጂ፣ ሌላ ሥራ ሥሪ። ደረቅ ሆኖ ከወጣና ቅጠሏም በቀትር ዘንበል ማለት ከጀመረ ያኔ አጠጪ። ያ ዘንበል ማለት አያስደንግጥሽ። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

ፍጉንም አቁሚ። ፍግ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ቅጠልና ቁመት ይሰጣል፤ የአንቺዋ ደግሞ ሁለቱም ተርፏታል። ዩሪያማ ጨርሶ አይታሰብ፤ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ለሁለት ዓመት ምንም ሳትጨምሪላት ብትቆይ አይጎድልባትም፤ የእስካሁኑ ፍግ ገና አላለቀም። አንዳንድ ሰው ለአበባ ብሎ የምድጃ አመድ ይደፋበታል። እሱም በዝቶ ከተደፋ አፈሩን ያበላሻል፤ ቡገንቪሊያ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የምትወደው፣ አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

አፈራችሁን አውቀዋለሁ። ከለገጣፎ እስከ ለገዳዲ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ ሜዳው ሁሉ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጫማ ይነጥቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሲሰነጠቅም ሥር ይበጥሳል። ቡገንቪሊያ ድርቅ ትችላለች፤ ሥሯ ውሃ ውስጥ መቆሙን ግን አትችልም፣ ይበሰብሳል። የአንቺዋ እስካሁን ከተረፈች አጥሩ ሥር ግንበኞች የተዉት ድንጋይና ፍርስራሽ አፈሩን ሳይከፍትላት አልቀረም። አሁን ማድረግ ያለብሽ ከሰኔ በፊት ከግንዷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀሽ፣ ውሃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ፣ ጠባብ ቦይ ማስቆፈር ነው። ግንዷ አጠገብ አትቆፍሪ። ወደፊት አዲስ ስትተክዪ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል በዋልካ ላይ አይሠራም። ጉድጓዱ በክረምት ገንዳ ይሆናል። ከመሬቱ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ክምር ሥሪ፤ ቀይ አፈር፣ ቀይ አሽና የበሰለ ፍግ ቀላቅለሽ። ለግንባታ የሚመጣው ቀይ አሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም፤ በየሰፈሩ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ተርፎ የሚጣለው ለዚህ ምርጥ ነው።

ታህሳስ ላይ ጫፏ የጠቆረው በሽታ አይደለም። ውርጭ ነው። ለገጣፎ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,500 ይበልጣል። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200። ድሬዳዋ ሄደሽ የግቢውን ሁሉ ቡገንቪሊያ አይተሽ ከመጣሽ የአንቺዋ ልታሳዝንሽ ትችላለች፤ ግን አታወዳድሪያት፣ ብርዱ አንድ አይደለም። ሰማይ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይፈሳል፣ እዚያ ይተኛል። ሜዳ ላይ ያለ ግቢ የሚመታው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ሱሉልታ አካባቢ ለአንድ ትልቅ ግቢ ጥቅምት ላይ 60 ቡገንቪሊያ ተከልኩ። ህዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስደርስ ቅጠሉ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። በቀትር ጠቆረ። ባለቤቱ ተናደው ሠራተኞቹን አስነቀሉት። ከድንጋይ ግንቡ ጥግ ያሉ አምስት ስድስት ብቻ ተረስተው ቀሩ። መጋቢት ላይ ለሌላ ሥራ ስሄድ እነዚያ የተረሱት ከታች አቆጥቁጠው አገኘኋቸው። የተነቀሉትም ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ውርጭ የመታትን ቡገንቪሊያ ነቅዬም አስነቅዬም አላውቅም። ቅርፊቷን በጥፍር ፋቅ አድርጊ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለ። የጠቆረውን ጫፍም ወዲያው አትቁረጪ፤ የሞተው ጫፍ ከበታቹ ያለውን ይከላከላል። የካቲት ጨርሶ ብርዱ ሲያልፍ ቁረጪው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሰማዩ ከጠራ፣ ማታ ላይ ልትደርሺበት የምትችዪውን ያህል በአሮጌ ጆንያ ወይም አንሶላ ሸፍኚ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጪ። ላስቲክ ግን ቅጠል ከነካ ራሱ ያቃጥላል። አጥሩ አናት ላይ ስታጋድሚያት ሌላም ጥቅም ታገኛለሽ፤ አናቱ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሞቀው ብሎኬት ነው፣ ሌሊት ያን ሙቀት ትንሽ ትንሽ ይመልስላታል።

ስለ መግረዝ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ያለ እሱ ሥራው ሙሉ አይሆንም። ቡገንቪሊያ የምታብበው በአዲስ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ግንቦት ሲጋመስ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከአጠቃላዩ ሲሶውን ያህል ቁረጪ። ከሥር ተነስተው እንደ አለንጋ ቀጥ ብለው የሚወነጨፉት ቅጠል ብቻ ናቸው፤ ለሽቦው የሚሆኑሽን ሁለት ሦስት አስቀሪና ሌላውን ከመነሻው አንሺው። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጊ፤ እሾኋ ከወጋ ቶሎ አይለቅም። ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ቁርጥራጩን አትተዪ። ከዚያ ክረምቱን በሙሉ ተያት። አዲሱ ቅርንጫፍ በዝናቡ ይወጣል። መስከረም ሲጋመስ የለጋዎቹን ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቀንጥቢ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሁለትና ሦስት ይሆናል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያቆም ያ የነገርኩሽ ጥማት ይጀምራል።

ተባይ ብዙ አያስቸግራትም። ለጋው ላይ ክሽክሽ ካየሽ በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ ይበቃል።

ባለቤትሽ "ሌላ እንትከል" ማለቱ ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ሌላ ትከሉ፤ ይህቺን ሳትነቅሉ። ግንቦት ላይ ስትገርዢ ከምትቆርጪው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን፣ ጠንከር ያሉትን ምረጪ። በስንዝር ልክ ቁረጫቸው፣ ቅጠላቸውን አራግፊ፣ የታችኛውን ግማሽ አሸዋና አፈር በተቀላቀለበት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሰኪ። ጥላ ውስጥ አስቀምጪ፣ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከ10 ብትተክዪ ግማሹ ቢይዝ ደስ ይበልሽ። ሥር ለመያዝ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ቅጠል አወጣ ብለሽ ቶሎ ነቅለሽ አትዪው። የያዘውን ለአንድ ዓመት በፕላስቲኩ አሳድጊ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ከግቢሽ ሰሜናዊ አጥር ሥር ትከዪው፤ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ አጥር በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ስትተክዪ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደሽ አውጪው እንጂ ጎትተሽ አታውጪው፤ አፈሩ ከፈረሰ ሥሩም አብሮ ይበጠሳል።

ከሻጭ ከገዛሽም ሐምራዊዋን ደግመሽ ግዢ። ብርቱካንማዋና ደማቅ ቀይዋ ታምራለች፣ ግን ብርድ ይበልጥ ትፈራለች። ለገጣፎ ላይ ለሐምራዊዋ ነው የምፈርደው። በአበባ የተሸፈነችውን ስትመርጪ ደግሞ አስተውዪ፤ በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ሥሯ ተጨናንቆ፣ ውሃ በስስት እየተሰጣት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ነው ያበበችው። አንቺ ከገዛሻት በኋላ ሦስቱም ነገር ተቀየረባት። ኮንዶሚኒየም ያሉ ሰዎች በረንዳቸው ላይ፣ ከሥሩ በተበሳ የቀለም ባልዲ፣ ከግቢ የበለጠ አበባ የሚያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ አጥሩ ሂጂና ሽቦው ላይ የተኛውን ለጋ ቅርንጫፍ ያዢ። ከጫፉ ጀምረሽ ብብቶቹን አንድ በአንድ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ። ጠንካራና ሹል ከሆነ እሾህ ነው፤ ጥማቱ አልበቃትም፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ለስላሳ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንንሽ የተጣጠፈ ቅጠል ካለው፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ማድላት ከጀመረ፣ ያ አበባ ነው። ያኔ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጫት። ያየሽውንም ጻፊልኝ።